ሞዴል ፈተና ላይ ቮካቡላሪ እንዴት እንጠይቅ? የ12ኛ ክፍል መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች ኑ እስቲ

ቲቸር ሳቢያን | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ሳቢያን አካባቢ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለልጆቹ ሞዴል ፈተና እያዘጋጀን ነው። ግራመሩ ላይ ተስማማን። ፓሴጁንም (የሚነበበውን ጽሑፍ) መረጥን። ቮካቡላሪ ላይ ስንደርስ ተፋጠጥን። አንዱ ባልደረባዬ ሠላሳ ቃል ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ «ተመሳሳዩን ምረጥ» ብሎ አምጥቷል። ቃሉ ብቻውን፣ ከሥሩ አራት ምርጫ፣ አለቀ። ይሄ ምኑን ነው የሚለካው ብዬ ስጠይቀው «ቃል ነዋ!» አለኝ።

የኔ ጭቅጭቅ ምን መሰላችሁ። «ሳውንድ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የለም። ድምፅ ነው ይላችኋል፣ ልክ ነው። አሁን ደግሞ ይሄን በእንግሊዝኛ ተጽፎ አስቡት፦ የደቻቱ ድልድይ አርጅቷል፣ መሐንዲሶቹ ግን አሁንም «ሳውንድ» ነው ብለዋል። ኤ፦ ጫጫታ የበዛበት። ቢ፦ ጠንካራ። ሲ፦ አዲስ። ዲ፦ ጠባብ። ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። መልሱ ቢ ነው፣ ከግማሽ የሚበልጠው ግን ኤ አለ። «ቲቸር ባጃጅ ስለሚበዛበት ነው» ያለኝም አለ፣ እሱስ አልዋሸም። እነዚሁ ልጆች ቃሉን ብቻውን ብጠይቃቸው ሁሉም ያገኙት ነበር። ታዲያ ያውቁታል ልበል ወይስ አያውቁትም?

እኔ ሁሉም የቃል ጥያቄ ቢያንስ አረፍተ ነገር ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ከፓሴጅ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። ምን ትላላችሁ? መምህር ያልሆናችሁም ጻፉ።

ናቹራል 12ቢ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ቲቸር ሰላም ኖት። ተማሪ ነኝ፣ ልናገር። እኛ ወደን አይደለም የምንሸመድደው። ቴሌግራም ላይ በየቻናሉ «ማትሪክ ላይ የሚመጡ 1000 ቃላት» እየተባለ ፒዲኤፍ ይለቀቃል። ጓደኛህ እያነበበው አንተ ካላነበብከው እንቅልፍ አይወስድህም። ደብተሬ ሁለት ዓምድ ነው፣ በግራ እንግሊዝኛ በቀኝ አማርኛ። ከኤ ጀምሬ ሲ ጋ ስደርስ ኤ ይጠፋብኛል።

ሌላው ጊዜ ነው። እኛ የምንሠራባቸው የድሮ ቡክሌቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት የሚሉ ናቸው። አንዱን ጥያቄ በ1 ደቂቃ ማለት ነው፣ ፓሴጁን ማንበቢያ ሳይቆጠር። ቃሉ ብቻውን ሲመጣ ቶሎ አጥቁረህ ታልፋለህ። ሁሉም በአረፍተ ነገር ይሁን ካሉ እባክዎ አረፍተ ነገሩን አጭር ያርጉልን።

ጀጎል አምስት በር | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

እኔም መምህር ነኝ፣ ከሐረር። እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ከባልደረባሽ ጋር ነኝ። አንድ ገጽ ፓሴጅ ብታወጪ ከውስጡ ስንት ቃል ልትጠይቂ ነው? አምስት፣ ቢበዛ ስድስት። በዚያው ቦታና ጊዜ ሠላሳ ቃል ነጥለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ናሙናው በሰፋ ቁጥር ውጤቱ ይታመናል። ልጁ በስድስት ቃል ዕድል ቀንቶት ሊያልፍ ይችላል፣ በሠላሳ ግን ዕድሉ ያልቅበታል።

ደግሞ ከፓሴጅ የሚወጣ የቃል ጥያቄ አንድ በሽታ አለው። ልጁ ቃሉን ሳያውቀው ከአረፍተ ነገሩ ገምቶ ያገኘዋል። ያኔ የለካሽው የመገመት ችሎታ ነው። መገመት መጥፎ ነው አላልኩም፣ ግን «ቮካቡላሪ» ብለሽ ነጥብ አትስጭው።

«ሳውንድ» ያልሽው ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን የተመረጠ ምሳሌ ነው። ብዙው ቃል እንደዚያ ሁለት ፊት የለውም።

ሙሸበክ | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

አቦ ተዉና! እኔ ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የታናሽ ወንድሜን ዎርክሺት አየሁት፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነው። ጥያቄው ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ በፀደይ ምን ይሆናል ይላል፣ መልሱ «ቶው» ነው። ወሪያ፣ ግንቦት ላይ ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ላቡን የሚጠርግ ልጅ ስለ ሐይቅ በረዶ መቅለጥ ምን ያውቃል? እዚህ በረዶ የምናውቀው የጁስ ቤት ነው።

ልኬት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

የሙሸበክ ቀልድ ቀልድ ብቻ አይደለም። ስለ ምዘና ትንሽ የተማርኩትን ላካፍል።

መጀመሪያ ታሪኩን። አሜሪካኖች ኤስኤቲ በሚሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተናቸው ቃልን ነጥሎ መጠየቅ ዋና ሥራቸው ነበር። ተቃራኒ ቃል የሚጠይቀውን በ1994 አወጡት፣ የቃል ዝምድና የሚጠይቀውን በ2005፣ ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለውን ደግሞ በ2016። የቀረው በፓሴጅ ውስጥ ያለ ቃል ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፦ ልጆች ማንም የማይናገረውን ቃል በካርድ እየጻፉ ሲሸመድዱ ከረሙ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ቃሉ ለምንም አይጠቅማቸውም ነበር። የኛው አፕቲትዩድ የቨርባል ክፍልም እኮ በሌላ ስም የቃል ፈተና ነው። አንድ ልጅ ቃል ስላጠረው ሁለት ቦታ ይመታል።

ቻይኖች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው የተወሰነ የእንግሊዝኛ ቃል ዝርዝር አላቸው። ተማሪው ወሰኑን ያውቀዋል፣ ፈተና አውጪውም ያውቀዋል። ሽምደዳ የለም ማለት አይደለም፣ ሞልቷል። ግን ቢያንስ ሁሉም አንዱን ዝርዝር ነው የሚሸመድደው። የኛ ልጅ የሚሸመድደው የማን ዝርዝር ነው? ቻናሉ የለጠፈውን።

ጀጎል ስለ ናሙና ያልከው እውነት ነው። ግን ሠላሳው ጥያቄ ሁሉ ደህና ጥያቄ ከሆነ ነው። ሞዴል ፈተናዎች ላይ ሁሌ የማየውን ልንገራችሁ። ከባዶው ቦታ በፊት «አን» ይላል፣ ከአራቱ ምርጫ በአናባቢ የሚጀምረው አንዱ ብቻ ነው። ልጁ ቃሉን ሳያውቅ አገኘው። ወይ ሦስቱ ምርጫ ስም ነው፣ አንዱ ግስ ነው፣ አረፍተ ነገሩ የሚፈልገውም ግስ ነው። ያ የግራመር ጥያቄ ሆነ። ወይ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ረጅም፣ ሌሎቹ አጫጭር። ወይ ደግሞ ትልቁ ጥፋት፦ የተጠየቀው ቃል ቀላል፣ ምርጫዎቹ ከእሱ የከበዱ። ልጁ የወደቀው በየትኛው ቃል እንደሆነ ማን ያውቃል?

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፣ ካልኩሌተርም አይፈልግም። ሞዴሉን 74 ልጅ ቢፈተን፣ በአጠቃላይ ውጤት ከላይ 27 በመቶውን አውጡ፣ 20 ይሆናሉ። ከታችም 20። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 18 አግኝተውት ከታችኞቹ 6 ካገኙት፣ ልዩነቱ 12 ነው፣ ለ20 ሲካፈል 0.6። ሸጋ ጥያቄ ነው። ሁለቱም እኩል ካገኙት ጥያቄው ማንንም ከማንም አልለየም። ከታች ያሉት ከላዮቹ በልጠው ካገኙት ደግሞ ወይ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ወይ ጥያቄው ጎበዙን እያሳተው ነው፣ አውጡና ጣሉት።

እናት ገንደ ቆሬ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

እናንተ ልጆች የምትሉት ግማሹ አልገባኝም፣ ግን እኔም ልናገር። ልጄ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ቤት የምናወራው ሶማሊኛ ነው። ሰፈር ኦሮምኛ። ገበያ አማርኛ። ትምህርቷን እስከ 8ኛ በሶማሊኛ ተማረች፣ 9ኛ ስትገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነባት። አራተኛ ቋንቋዋ ነው። ለማስጠናት እከፍላለሁ፣ አስጠኚው የሚሰጣት በአማርኛ የተተረጎመ የቃል ዝርዝር ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ለማወቅ መጀመሪያ አማርኛውን ትጠይቀኛለች፣ እኔም ጎረቤት እጠይቃለሁ። ይሄ ልክ ነው ወይ?

ቲቸር ሳቢያን | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡00

እትዬ፣ ልክ አይደለም። ልጅቷ ትርጉሙን በሶማሊኛ ትጻፈው። አማርኛው ለእንግሊዝኛው መሻገሪያ የሚሆነው አማርኛው ለቀለለው ልጅ ነው። አስጠኚውንም ይንገሩት፣ የሚከፍሉት እርስዎ ኖት። ከዝርዝሩም ይልቅ አጭር ጽሑፍ ያንብብላት።

ልኬት፣ ተባረክ። የ27 በመቶውን ነገር ኮሌጅ ተምሬው ነበር፣ አንድም ቀን ተጠቅሜበት ግን አላውቅም። መምህራን ክፍል ውስጥ ማንም ሲሠራው አላየሁም፣ ፈተናው ታርሞ ማርክ ተሞልቶ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ጀጎል፣ አንተ ግን የሳትከው ነገር አለ። ፈተናውን ስታወጣ ለማርኩ ብቻ አታስብ። ልጁ የሚያጠናው እንደሚጠየቀው ነው። ነጠላ ቃል ብትጠይቀው ነጠላ ቃል ይሸመድዳል። 12ኛን በቃል ዝርዝር ያጠና ልጅ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ «አሲዩም» (እንዲህ ነው እንበል) እና «ኔግሌክት» (ከቁጥር አታስገባ) ሲያይ ይቆማል። እነሱን የቃል ዝርዝር ውስጥ ማንም አይጽፋቸውም፣ የሚጽፉት በተራ ንግግር የማይገባ ከባድ ከባዱን ነው። ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ቃል ያጠረው ልጅ የሚወድቀው በአንድ ትምህርት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኛ አቆጣጠር በ2014 ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ሁሉንም በእንግሊዝኛ አላሳብብም። ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልጨረሰ ልጅ ስንት እንደነበረ ፈታኝ ሆኖ የገባ መምህር ያውቃል።

ጋሼ ምድር ባቡር | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 በፈረንጅ ነው፣ ከተማዋም ከሱ ጋር ነው የተወለደችው፣ ስለዚህ እኛ ቤት ፈረንሳይኛ እንደ ዳቦ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚችል የድሮ ሰው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲያነብ ረጃጅሙ ቃል አይከብደውም፣ አጫጭሩ ነው የሚከብደው። ረጃጅሙ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጣ ስለሆነ ያውቀዋል። እናንተ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ልጆቹ አጫጭሩን ይዘው ረጅሙ ላይ ይቆማሉ። ታዲያ ለምን የቃሉን ሥርና ቅጥያ አታስተምሯቸውም? «ፖርት» መሸከም ነው ብላችሁ ብትነግሩት ትራንስፖርትን፣ ኤክስፖርትን፣ ኢምፖርትን፣ ፖርተርን በአንድ ጊዜ ያገኛል። ጣቢያው ላይ ኮሊ እንላቸው የነበሩት ፖርተሮች ናቸው።

ሙሸበክ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡58

ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት! እርስዎ ቲክቶክ ቢከፍቱ ቻናሎቹ ሁሉ ይዘጋሉ።

ጀጎል አምስት በር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ጋሼ ያሉት ሥር የመፈለግ ነገር ጥሩ ነው፣ እኔም ክፍል ውስጥ እሠራበታለሁ። ግን ልጁ መጀመሪያ የሚንደረደርበት ነገር ያስፈልገዋል። ቲቸር፣ አንብቡ አንብቡ ማለት ቀላል ነው። ምን ያንብብ? ፖል ኔሽን የሚባለው የቃል ትምህርት ተመራማሪ እንዳሰላው፣ አንድ ሰው ልቦለድ ወይ ጋዜጣ ያለ ረዳት እንዲያነብ ከሚያነበው 98 በመቶውን ቃል ማወቅ አለበት፣ ከ50 ቃል አንድ ብቻ ነው የሚያመልጠው። ለዚያ ደግሞ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ይፈልጋል። የኔ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያንን የሚያህል ቀርቶ የመጀመሪያውን 2000 አልጨረሰም። ከሦስት ቃል አንዱ በማይገባው ጽሑፍ ላይ ከአረፍተ ነገሩ ገምት ብትዪው ከምኑ ይገምታል? በዙሪያው ያሉትንም አያውቃቸውም።

ስለዚህ ዝርዝር አያስፈልግም አትበይ። የተመረጠ ዝርዝር ያስፈልጋል። ማይክል ዌስት በፈረንጅ በ1953 ያወጣው ወደ 2000 የሚጠጋ ቃል ያለው ዝርዝር አለ፣ ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ በፈረንጅ በ2000 ያወጣችው 570 የቃል ቤተሰብ ያለው የአካዳሚክ ዝርዝርም አለ። መጀመሪያው 2000 ብቻ ከተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። የኔ ጠብ ከዝርዝር ጋር አይደለም፣ ከቴሌግራሙ ዝርዝር ጋር ነው።

ቲቸር ሳቢያን | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

አሁን ተግባባን ማለት ነው። «አሲዩም» ያልኩት እኮ እዚያ 570 ውስጥ ያለ ቃል ነው! የባልደረባዬን ሠላሳ ቃል አንድ በአንድ ከነዚህ ዝርዝሮች ጋር አመሳከርኩት። ከግማሽ በላዩ ከሁለቱም ውጭ ነው። አንዱ ቃል እኔንም መዝገበ ቃላት አስገልጦኛል። የማንን ጉራ ነው የምንፈትነው?

ሪሜዲያል ያለፈ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20

ሰላም። የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። 12ኛ ላይ 50 አልሞላልኝም፣ በሪሜዲያል ነው የገባሁት። ሽምደዳውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ደብተሬ ከናቹራል 12ቢ ደብተር ይወፍር ነበር። ሪሜዲያል ስገባ አንድ መምህር ሌላ ነገር አሠሩን። በሳምንት አንድ አጭር ጽሑፍ ይሰጡናል። የማናውቃቸውን ቃላት ሁሉ እንድናወጣ አይፈቅዱም፣ ያለነሱ ጽሑፉ የማይገባንን ብቻ አምስት ምረጡ ይላሉ። መምረጡ ራሱ ጽሑፉን በሦስተኛ ጊዜ ያስነብብሃል። ከዚያ በነዚያ አምስት ቃላት ስለ ሰፈራችን እንጽፋለን። እኔ ስለ ታይዋን ገበያ የጻፍኩት እስከዛሬ ትዝ ይለኛል፣ «ስኬርስ» (እንደ ልብ የማይገኝ) የሚለውን ቃል ስኳር የጠፋ ጊዜ ላይ አስገብቼው ነበር። ያ ቃል ኢኮኖሚክስ ላይ ሲመጣ ሳልተረጉመው ነው ያለፍኩት።

ናቹራል 12ቢ፣ ኤ ላይ ጀምረህ ሲ ላይ የሚጠፋብህ ስለምታነባቸው ነው። ሸፍነህ ራስህን ጠይቅ። ዛሬ፣ ነገ፣ ከሳምንት በኋላ። ስታነበው የሚመስልህና ሲጠየቅ የሚወጣው አንድ አይደለም።

ናቹራል 12ቢ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡45

ወንድም አመሰግናለሁ። ግን ፈተናው ሊደርስ ነው፣ በሳምንት አምስት ቃል የት ያደርሰኛል?

ሪሜዲያል ያለፈ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡02

እሱን አልዋሽህም፣ ከ9ኛ ቢጀመር ነበር ጥሩ። አሁን ያን 570 ውሰድና የማታውቀውን ለይ። ግማሹን ከመማሪያ መጽሐፍህ ሳታስበው ታውቀዋለህ። የድሮ ቡክሌት የፊዚክስና የባዮሎጂ ጥያቄዎች ላይ ያቆመህን ቃል ሁሉ አስምርበት። እነሱ ላይ ተኛባቸው። የቴሌግራሙን እርሳው።

ልኬት | ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

የማታውቀውን ለመለየት ደግሞ ፈጣን ዘዴ አለ፣ ፖል ሜራ የሚባል ሰው ያስፋፋው። ለልጆቹ የቃል ዝርዝር ትሰጣለህ፣ የሚያውቁት ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ተንኮሉ ምንድነው፣ በመካከሉ የሌሉ ቃላት ትቀላቅላለህ። እንግሊዝኛ የሚመስሉ ግን ማንም ያልተናገራቸው። እነሱንም «አውቃለሁ» ያለ ልጅ ሌላውም ላይ እንደዚያው ብሏል ማለት ነው፣ ውጤቱን ታርምበታለህ። በአንድ ክፍለ ጊዜ መቶ ቃል ታዳርሳለህ። ጀጎል የፈለገውን ስፋት ይሰጣል፣ ማርክ ስለሌለው ደግሞ ማንም አይኮርጅም። ለማርክ ግን አትጠቀሙበት፣ ውሸቱ ይበዛል።

እናት ገንደ ቆሬ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

አስጠኚውን አነጋገርኩት። ሶማሊኛ አልችልም አለኝ። አትችልም አልኩት፣ እሷ ትችላለች፣ አንተ እንግሊዝኛውን ብቻ አስረዳት። ዝም አለ። እስቲ እናያለን።

ሙሸበክ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡04

እናቴ ትምህርት ሚኒስቴር ይግቡልን!

ቲቸር ሳቢያን | ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ዛሬ ሦስታችንም ተቀምጠን ጨረስነው። ከሠላሳው አሥራ ሁለት ቃል ብቻ ቀረ፣ ሁሉም ከሁለቱ ዝርዝር ወይ ከመማሪያ መጽሐፉ ያሉ፣ ሁሉም በአጭር አረፍተ ነገር ውስጥ፣ አንዱም ከአሥራ ሁለት ቃል አይበልጥም። ናቹራል 12ቢ፣ ይሄ ያንተ ነው። ስምንት ጥያቄ ከፓሴጅ፣ የቃሉ ትርጉም ከገጹ ተነስቶ የሚገኝ ሳይሆን የታወቀ ቃል በሌላ ትርጉሙ የገባበት። ጀጎል ያነሳው የመገመት ነገር ስላሳሰበኝ ነው። ስድስት ደግሞ ከፊዚክስ፣ ከጂኦግራፊና ከሒሳብ ጥያቄ የተወሰዱ የትእዛዝ ቃላት። ባልደረባዬ እዚህኛው ላይ ነው የተስማማው፣ ባለቤቱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፣ ቤት ሄዶ ጠይቋት መጣ።

ምርጫዎቹን ሁሉ አንድ የቃል ክፍል አደረግናቸው፣ ርዝመታቸውን አመጣጠንን፣ በረዶ ያለበት የለም። ቅዳሜ ይፈተናሉ፣ እሁድ 27 በመቶውን እንሠራለን። ከሌላ ትምህርት ቤት ያላችሁ ቡክሌቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ክፍያ የለውም፣ ፎቶኮፒውን ግን የራሳችሁ ቻሉ።

ጀጎል አምስት በር | ሐሙስ፣ ማታ 3፡12

ለሐረር ልጆች ላኪልኝ። ውጤቱን ስትሠሩ ደግሞ ስምንቱ የፓሴጅ ጥያቄ ላይ የላይኛውና የታችኛው ልዩነት ስንት እንደወጣ ጻፊልኝ፣ ከ0.2 በታች ከሆነ ጭቅጭቁ እንደገና ይጀመራል።

ናቹራል 12ቢ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

ቲቸር ቁልፉን አብረው እንዳይልኩት፣ ክፍላችን ውስጥ ዘመድ ያለው ብዙ ነው።